ጠርሙሱ ላይ ቅጠል አለ፤ ውስጡስ?

አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት። ሁለት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደም ሕመሙ ይነሳበታል። አንድ ቀን ማታ የትንሽ ጠርሙስ ፎቶ ላከችልኝ። ጠርሙሱ ቡናማ ነው፤ ክዳኑ ማንጠብጠቢያ አለው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ሰባት ጣት ያለው ያ የታወቀው አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው የላከላት። ከፎቶው ሥር አንድ ነገር ብቻ ጽፋለች፦ «ይሄ ነው አይደል?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የካናቢስ ዘይት ወስደው ሕመማቸው ስለቀነሰላቸው ልጆች አንብባለች። ማን ያላነበበ አለ? ኬሚስትሪ ስለተማርኩ ወዳጆቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ወደ እኔ ይልካሉ። ብዙውን ጊዜ አይቼ፣ መልሼ እረሳዋለሁ። የእሷ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። እስካሁንም ስለዚህ ተክል ሰው ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ያቺ አጭር ጥያቄ ትመጣብኛለች።

«የጀርባውንም አንሥተሽ ላኪልኝ» አልኳት። ላከችልኝ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለነበር በሁለት ጣቴ አጎላሁት። ይዘቱን የሚናገረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የካናቢስ ሳቲቫ ዘር ዘይት። ሌላ ምንም የለም። የንጥረ ነገር ስም የለም፤ ሚሊግራም የለም። ደወልኩላት።

ገና ሃሎ ሳልል «ሳቲቫ ነው ይላል» አለችኝ። «ኢንዲካው ይሻል ነበር እንዴ? ኢንዲካ ያረጋጋል፣ ሳቲቫ ያነቃቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሱ የሚያረጋጋው አይሻለውም?»

ልጇን ለማዳን ብላ ያገኘችውን ሁሉ ማንበቧ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ያነበበችው ነገር ግን በሙሉ ስለ ስም ነው። ሳቲቫ ወይስ ኢንዲካ፣ ከየት አገር የመጣ፣ ማን ያመረተው። የእኔ ዓይን ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ዘይቱ የተጨመቀው ከዘሩ ነው። ዘሩ ውስጥ ደግሞ እሷ የምትፈልገው ነገር፣ ማለትም የሚጥል በሽታን ለማስታገስ የሚረዳው ሲቢዲ የተባለ ንጥረ ነገር፣ የለም።

«ለምግብነት ጥሩ ዘይት ነው» አልኳት። «ኦሜጋ 3 እና ኦሜጋ 6 አለው። ለልጅሽ ሕመም ግን ምንም አያደርግም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ታዲያ ቅጠሉን ለምን ይሥሉበታል?»

## አበባው እንጂ ቅጠሉ አይደለም

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ያንን ቅጠል ማንም ያውቀዋል። ቲሸርት ላይ አለ፣ ቦርሳ ላይ አለ፣ ጠርሙስ ላይ አለ። የተክሉ ኃይል ያለው ግን እዚያ አይደለም።

ካናቢስ ተባዕቱና እንስቷ በአብዛኛው ለየብቻ የሚበቅሉ ተክል ነው። ሰው የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚገኙት በእንስቷ አበባ ላይ ነው። አበባውንና በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ቅጠሎች ጸጉር መሰል እጢዎች ይሸፍኗቸዋል። በማጉያ መነጽር ሲታዩ ቀጭን ዘንግ ላይ የተቀመጡ የብርጭቆ ዶቃዎች ይመስላሉ። ሙጫው የሚሠራውም የሚጠራቀመውም እዚያ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ቅጠሎች ላይ ያለው ጥቂት ነው፤ ግንዱ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዘሩ በውስጡ ምንም የለውም ማለት ይቻላል። በላዩ ላይ ቅንጣት ቢገኝ ሲለቀም ከአበባው የነካው ሙጫ ነው።

እጢዎቹ ውስጥ የሚሆነው ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ ይማርከኛል። ተክሉ በመጀመሪያ አንድ እናት ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ሲቢጂኤ ይባላል። ከዚያ ኢንዛይሞች ይረከቡታል። አንደኛው ኢንዛይም ወደ ቲኤችሲኤ ይለውጠዋል፤ የሚያሰክረው ቲኤችሲ መነሻው ይህ ነው። ሌላኛው ወደ ሲቢዲኤ፣ ወደ ሲቢዲ መነሻ፣ ይለውጠዋል። ሁለቱም የሚሻሙት ያንኑ አንድ ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ ተክሉ ወደ አንዱ ባዘነበለ ቁጥር ሌላው ይቀንሳል። አንድ ተክል ሁለቱንም በከፍተኛ መጠን አትረፍርፎ መስጠት አይችልም።

ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው ደግሞ ውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤቲየን ደ ማየር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቲኤችሲ የሚበዛበትን ንጹሕ ዝርያ ሲቢዲ ከሚበዛበት ጋር አዳቀሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተወለዱት ተክሎች ሁለቱንም ተቀራራቢ በሆነ መጠን የያዙ ሆኑ። እነሱ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ደግሞ ሦስቱም ዓይነት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ተክሉን በኬሚስትሪው ይከፍሉታል። አንደኛው ዓይነት ቲኤችሲ የሚበዛበት፣ ሁለተኛው ሁለቱም ያሉበት፣ ሦስተኛው ሲቢዲ የሚበዛበት። እናቲቱ ሳትለወጥ የምትቀርበት፣ ሲቢጂ የሚበዛበት አራተኛ ዓይነትም አለ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በሕይወት ያለው ተክል የሚያጦዘውን ቲኤችሲ እምብዛም አይሠራም። የሚሠራው ቲኤችሲኤ የተባለውን አሲድ ነው። አሲዱ አያሰክርም። ሙቀት ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ያኔ ቲኤችሲ ይሆናል። ሲጨስ በቅጽበት፣ ሲጋገር ቀስ ብሎ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በዝግታ። ከዚያም በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቲኤችሲው ራሱ ቀስ በቀስ ሲቢኤን ወደተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ የዛሬ ዓመት የተመረመረ አበባና ዛሬ የተመረመረው፣ ያው አበባ ቢሆንም እንኳ፣ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም።

## ስሙን ያወጣው ማን ነው?

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። ሳቲቫና ኢንዲካ የሚባለው ነገር ከየት መጣ?

ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ተክሉን ካናቢስ ሳቲቫ ብሎ መዘገበው። እሱ በደንብ የሚያውቀው አውሮፓ ውስጥ ለገመድና ለጨርቅ የሚዘራውን ነው። በ1785 ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ላማርክ ከሕንድ የመጣ ናሙና አየ። ግንዱ ጠንከር፣ ቁመቱ አጠር ያለ ነበር፤ ማስከሩም ለየት ይላል። ይሄ ሌላ ነው ብሎ ኢንዲካ አለው። በ1976 ደግሞ ኧርነስት ስሞልና አርተር ክሮንክዊስት ዝርያው አንድ ነው፣ ሁለቱ ንዑስ ዝርያ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የእጽዋት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይከራከሩ፤ ሥራቸው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ በንግዱ ዓለም የሆነው ነው። ሰፊ ቅጠልና አጭር ቁመት ያለው ኢንዲካ ተባለ። ቀጭን ቅጠልና ረጅም ቁመት ያለው ሳቲቫ ተባለ። ከዚያም አንዱ ያስተኛል፣ ሌላው ያነቃል የሚል ታሪክ ተጨመረበት። የቅጠል ስፋት አእምሮ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ምን ሊናገር ይችላል? በዚያ ላይ ዝርያዎቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ኖረዋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ድብልቅ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ግን ያወጣው ሻጩ ነው። በ2015 የካናዳ ተመራማሪዎች የብዙ ናሙናዎችን ዘረ መል መረመሩ። ከጃማይካ የመጣ፣ ላምብስ ብሬድ የሚባል፣ መቶ በመቶ ሳቲቫ ነው የተባለ ናሙና ነበራቸው። ከአፍጋኒስታን ከመጣና መቶ በመቶ ኢንዲካ ከተባለ ናሙና ጋር በዘረ መል ሊለይ እስኪያቅት ድረስ ተመሳሰለ። ከዚህም የባሰ አለ። ከናሙናዎቹ ሲሶ ያህሉ ስማቸውን ከሚጋራው ናሙና ይልቅ ሌላ ስም ካለው ጋር ይበልጥ ይቀራረቡ ነበር። ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው ሁለት የተለያየ ተክል ሊገዛ ይችላል ማለት ነው።

በ2021 ኔቸር ፕላንትስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጠራልኝ። ሳቲቫና ኢንዲካ የሚሉት መለያዎች ከተክሉ አጠቃላይ ዘረ መል ጋር አልተያያዙም። ከተወሰኑ የሽታ ንጥረ ነገሮች ጋር ግን ተያያዙ። ኢንዲካ የተባሉት ማይርሲን ይበዛባቸዋል፤ ሽታቸው አፈር አፈር የሚል ነው። ባለሙያው ሻጭ ሳያውቀው በአፍንጫው ነበር ስም የሚሰጠው።

እነዚህ ሽታዎች ተርፒን ይባላሉ፤ የካናቢስ ብቻም አይደሉም። ሊሞኒን በሎሚ ልጣጭ አለ። ፓይኒን በጥድ አለ። ሊናሉል በላቬንደር አለ። ካርዮፊሊን በቁንዶ በርበሬ አለ። የመጨረሻው ለየት ይላል፤ በሰውነታችን ካሉት የካናቢስ ተቀባዮች (ንጥረ ነገሮቹ የሚያርፉባቸው የሕዋስ ክፍሎች) በአንደኛው ላይ በቀጥታ እንደሚያርፍ በ2008 ታውቋል። «ሁሉም ንጥረ ነገሮች አብረው ሲሆኑ የተሻለ ይሠራሉ» የሚለውን አባባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሐሳቡ ደስ ይላል። በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን ገና ስስ ነው። ከተሻሉት አንዱ በ2024 የታተመ ትንሽ ሙከራ ነው። 20 ጤነኛ ሰዎች ቲኤችሲን ከሊሞኒን ጋር ሲተነፍሱት የሚመጣባቸው ጭንቀት ቀነሰ። በዚህ ላይ ተነሥቶ «ይህ ሽታ ያስተኛል፣ ያኛው ያስቃል» ብሎ ሰንጠረዥ መሥራት ግን ሰውን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

ለጓደኛዬ ያኔ በስልክ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ሳቲቫና ኢንዲካ የሚለውን ተዪው» ብቻ ነው ያልኳት። «መጠየቅ ያለብሽ የትኛው ንጥረ ነገር፣ ስንት ሚሊግራም ብለሽ ነው።»

## አንድ ቀለበት

ቲኤችሲና ሲቢዲ የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አተሞች ነው። ሁለቱም 21 ካርቦን፣ 30 ሃይድሮጅን፣ 2 ኦክስጅን አላቸው። ክብደታቸው እኩል ነው። የሚለያዩት በአንድ ቀለበት ነው። ቲኤችሲ ላይ ቀለበቱ ተዘግቷል፤ ሲቢዲ ላይ ክፍት ነው። በዚህች ልዩነት ምክንያት የአንደኛው ቅርጽ አንጎል ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር ይገጥማል፤ የሌላው አይገጥምም። አንዱ ያሰክራል፤ ሌላው አያሰክርም።

ይህን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮጀር አዳምስ ሲቢዲን ከተክሉ የለየው በ1940 ነው። የአተሞቹን አቀማመጥ በትክክል ያስቀመጠው እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል መሹላም ነው፤ በ1963። በሚቀጥለው ዓመት ከየሂኤል ጋኦኒ ጋር ሆኖ ቲኤችሲን ለየ። ለጥናቱ ያስፈለገውን 5 ኪሎ ሐሺሽ ከእስራኤል ፖሊስ ተቀብሎ በአውቶቡስ ነው ወደ ላብራቶሪው የወሰደው። ሞርፊን ከኦፒየም የተለየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንደሆነ ስናስብ፣ ሰው ለሺህ ዓመታት ሲጠቀምበት የኖረ ተክል ዋና ንጥረ ነገሩ እስከ 1964 አለመታወቁ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። ሰውነታችን ለዚህ ተክል የሚሆን ተቀባይ ለምን ኖረው? በ1988 አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቫን ተቀባዩ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አሳዩ። በ1992 መሹላምና ባልደረቦቹ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተውን፣ እዚያ ተቀባይ ላይ የሚያርፈውን ንጥረ ነገር አገኙ። አናንዳማይድ አሉት። ይህ ሥርዓት በሕመም ስሜት፣ በምግብ ፍላጎት፣ በትውስታና በስሜት ላይ ይሠራል። ቲኤችሲ ብዙ ቦታ የሚነካው ለዚህ ነው። ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ግን እነዚህ ተቀባዮች በጣም ጥቂት ናቸው። ካናቢስ እንደ ሄሮይን ትንፋሽ አቋርጦ የማይገድለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን 1980 ነው። በዚያ ዓመት መሹላምና የብራዚል ሐኪሞች አንድ ትንሽ ሙከራ አሳተሙ። መድኃኒት ያልበገረው የሚጥል በሽታ ያለባቸው 15 ታማሚዎች ነበሩ። ስምንቱ በየቀኑ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ሲቢዲ ወሰዱ፤ ሰባቱ ባዶ እንክብል። ሲቢዲ ከወሰዱት ስምንት ውስጥ አራቱ ከሕመሙ ነጻ ሆኑ ለማለት ይቻላል። ሦስቱ በከፊል ተሻላቸው። ባዶ እንክብል ከወሰዱት የተሻለው አንድ ሰው ነው።

ሙከራው ትንሽ ነው፤ እስማማለሁ። ግን እንዲህ ያለ ውጤት ካየ በኋላ ማን ዝም ይላል? ዓለም ዝም አለ። በቂ ስፋት ያላቸው ሙከራዎች ተደርገው፣ ኤፒዲዮሌክስ የተባለው ንጹሕ የሲቢዲ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በሰኔ 2018 ነው። 38 ዓመት ማለት ነው። ሲቢዲ አያሰክርም፤ ሱስ እንደሚያሲዝም አልታየም። ግን የተወለደው ከዚያ ስሙ ከጠፋ ተክል ነው። በስሙ ምክንያት የጠበቁ ልጆች አሉ። ሳይደርስላቸው ያደጉም አሉ፤ ያላደጉም አሉ።

## ሒሳቡን እንሥራው

ከስልኩ ጥቂት ቀን ቆይቶ ጓደኛዬ ሌላ ፎቶ ላከች። በዚህኛው ጠርሙስ ላይ ሲቢዲ ተጽፏል፤ መጠኑም አለ። በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1000 ሚሊግራም። «ይሄስ?» አለችኝ።

ይሄኛው ቢያንስ ጥያቄውን መልሷል። ስለዚህ ወረቀት አውጥተን ሒሳብ ሠራን። ኤፒዲዮሌክስ ድራቬት እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ሲታዘዝ፣ ሐኪሙ ከትንሽ ጀምሮ በቀን በኪሎ ወደ 10 ሚሊግራም ያደርሰዋል። እስከ 20ም ሊሄድ ይችላል። ልጁ 20 ኪሎ ቢሆን በኪሎ 10 ሚሊግራም ማለት በቀን 200 ሚሊግራም ነው። ያ ጠርሙስ በ5 ቀን ያልቃል። በከፍተኛው መጠን ከሆነ ሁለት ቀን ተኩል። እሷ ግን ያሰበችው ጠዋትና ማታ ጠብታ ጠብታ ልትሰጠው ነበር።

ቀጥሎ የተጻፈው ራሱ እውነት ነው ወይ የሚለው ይመጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና። በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝተው መረመሩ። መለያው ከይዘቱ ጋር የተስማማው በ31 በመቶዎቹ ብቻ ነው። አንዳንዱ ከተጻፈው ያነሰ፣ አንዳንዱ የበለጠ ነበረው። 18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ። ለልጅ የሚሰጥ ነገር ውስጥ።

ሌላም አለ፤ እሱን ስነግራት ድምፄን ጠንከር አድርጌ ነው። ሲቢዲ ጉበት መድኃኒት የሚፈጭባቸውን ኢንዛይሞች ያዘገያል። ክሎባዛም የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ መድኃኒቱ ሲፈጭ የሚገኘው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ልጁ ከመጠን በላይ ይደነዝዛል። ቫልፕሮኤት የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የጉበት ምርመራው ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳያውቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። የቀድሞውን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ያ ነፍስ ያጠፋል።

ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል፤ በእሷ ግን አልፈርድም። ልጅ ዓይን እያየ ሲንቀጠቀጥ ማንኛችንም ያገኘነውን እንጨብጣለን። የምፈርደው አረፋውን በጠርሙስ አሽጎ፣ ቅጠል ሥሎበት ለእናት በሚሸጥ ሰው ላይ ነው። ጓደኛዬ ሁለቱንም ጠርሙሶች ይዛ ወደ ልጁ ሐኪም ሄደች። ዶክተሩ አልተቆጧትም። ተቀምጠው ሰሟት፤ የልጁን የሕመም ዓይነት እንደገና መርምረው የመድኃኒቱን መጠን አስተካከሉ። ሲቢዲ ለእሱ ይሁን አይሁን ገና ከእሳቸው ጋር እየተነጋገሩበት ነው። ትክክለኛው ቦታም እዚያ ነው።

## ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ተክል

ከዚህ ታሪክ በኋላ ይበልጥ የማስብበት ሌላው ወገን ነው፤ ቲኤችሲው። ከላይ እንዳልኩት ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በአንድ ጥሬ ዕቃ ይሻማሉ። አዳቃዮች ለዓመታት የመረጡት የሚያሰክረውን ነው። በአሜሪካ ፖሊስ ከያዛቸው ናሙናዎች ውስጥ የቲኤችሲው መጠን በ1995 4 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 12 በመቶ ገደማ ደረሰ። ሲቢዲው በዚያው ልክ ተመናመነ። በ1995 ቲኤችሲው ከሲቢዲው 14 እጥፍ ይሆን ነበር፤ በ2014 ወደ 80 እጥፍ ተጠጋ።

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተካሄደ ነው። ቲኤችሲው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች፣ ጨርሶ ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ) ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። «ተክል ነው፤ ምን ያደርጋል?» ለሚል ወጣት ይህን ነው የምነግረው። የዛሬው አበባ አባቱ በወጣትነቱ ያየው አይደለም። አንጎሉ ገና እየተሠራ ላለ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል።

በሌላኛው ጫፍ ሄምፕ አለ፤ ቲኤችሲው በጣም ጥቂት የሆነው ካናቢስ። ሄምፕን ከማሪዋና የሚለየው በብዙ ሕጎች ቁጥር ነው። አሜሪካ በ2018 ያወጣችው ሕግ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ሄምፕ ብሎታል። ቁጥሩ የመጣው ከእነ ኧርነስት ስሞል የምደባ ሥራ ነው። እነሱ ያስቀመጡት ተክሎችን ለመመደብ እንጂ ምን ይጎዳል፣ ምን አይጎዳም ለማለት አልነበረም። ገበሬው ግን ዛሬ በዚያ ቁጥር ይፈረድበታል። አዝመራው ትንሽ ቆይቶ ቢበስልና ቲኤችሲው ከመስመሩ ቢያልፍ እንዲወድም ሊታዘዝ ይችላል።

ለዚህ ነው ሰው ሲጠይቀኝ ከዝርያው ስም ይልቅ የላብራቶሪውን ወረቀት አሳየኝ የምለው። ጥሩ ሻጭ ወረቀቱን አይደብቅም። መጀመሪያ የማየው ቲኤችሲና ቲኤችሲኤ ለየብቻ መጻፋቸውን ነው። ለምሳሌ ቲኤችሲኤ 22 በመቶ፣ ቲኤችሲ 0.6 በመቶ ይላል እንበል። ላዩን ያየ ሰው «0.6 ብቻ ነው፤ ቀላል ነው» ይላል። ግን አሲዱ ሲሞቅ ይለወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ክብደቱ ስለሚቀንስ 22ን በ0.877 አባዝቶ 0.6ን መደመር ነው። ወደ 19.9 በመቶ ይመጣል። ያ በጣም ብርቱ ነው።

ቀጥሎ ሲቢዲውን አያለሁ፤ ሲቢዲኤው ላይም ያው ሒሳብ ይሠራል። ከዚያ የፀረ ተባይ ኬሚካልና የከባድ ብረቶች ምርመራ መኖሩን እመለከታለሁ። ካናቢስ ካድሚየምንና እርሳስን ከአፈር የሚስብ ተክል ነው፤ ዘይት ሲጨመቅ ደግሞ ያለው ቆሻሻ አብሮ ሊከማች ይችላል። የምርመራው ቀን የዛሬ ሁለት ዓመት ከሆነ ቁጥሮቹ ተለውጠዋል ብዬ እገምታለሁ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ። ካልተመሳሰሉ ወረቀቱ የሌላ ጠርሙስ ነው።